ብርዱ የሳለው መስመር

ታኅሣሥ 9 ቀን 1997 ዓ.ም.፣ መሐል ሜዳ

የደገኛውን የልብ ምት መዛባት ላጠና ከመጣሁ ሳምንት ሞላኝ። የምፈልገው ዓይነት ሕመምተኛ አንድም አላገኘሁም።

ዛሬ እማማ አስካለ ከጓሳ በበቅሎ መጡ። የበግ ጠጉር ባናቸውን አስወልቄ አስተኛኋቸውና የልብ ምት መመዝገቢያውን ማሽን ሽቦዎች ደረታቸው ላይ ለጠፍኩ። ማሽኑ የተመሰቃቀለ መስመር ሳለ። ተገኘ ብዬ ልጮህ ምንም አልቀረኝ። ጥርሳቸው ሲንገጫገጭ የሰማሁት ቆይቶ ነው። ለካ የሚንቀጠቀጠው ልባቸው ሳይሆን ገላቸው ኖሯል! በመንዝ ብርድ ሰው ባና ያወልቃል? መልሼ አለበስኳቸው። ሲሞቃቸው መስመሩ ተስተካከለ።

ፊቴን አይተው፣ “ልሞት ነው እንዴ ልጄ?” አሉኝ።

“ኧረ የለም እማማ፣ ልብዎ ደህና ነው።”

“ታዲያ አንተ ምን ሆነህ ነው የከፋህ?”

ጤናዎ ነው ያስከፋኝ ይባላል? “ደክሞኝ ነው” ብዬ ሸኘኋቸው።

አመሻሽ ላይ አዲስ አበባ ደወልኩ። አለቃዬ “ስንት አገኘህ?” አሉና “ምንም” ስላቸው ስልኩን ዘጉት። እዚህ ከመጣሁ ወዲህ ምን ሆነሃል ብለው የጠየቁኝ እማማ አስካለ ብቻ ናቸው።

እሳቸውንም ዋሸኋቸው።