ዳዊት ሳሎን ውስጥ የተወው ባሕር

ሰኞ

ዓሣዋ ዛሬም አልበላችም። ምግቧን በጣቴ ይዤ ብዘረጋላት ድንጋዩ ሥር ተወሽቃ ታየኛለች። ትንሽዬ ናት፣ ብርቱካን መሳይ፣ ነጭ መቀነት የታጠቀች። ልጄ ዳዊት ካለፈ ወዲህ እንደኔው ሐዘንተኛ ሆናለች።

ይኼን ሁሉ ያመጣብኝ እሱ ነው። ጅቡቲ ሆቴል ሲሠራ የባሕር ፍቅር ይዞት ተመለሰ። ላሊበላ ላይ ባሕር! የሳሎኑን ግማሽ የሚይዝ የመስታወት ሣጥን አሠርቶ፣ ከፍ ባለ ብረት ላይ ሰቅሎ፣ ጨው ውሃ ሞላበት። ድንጋይ ላይ የሚበቅሉ አበቦችም ከተተበት። "አበባ አይደሉም እማዬ፣ እንስሳት ናቸው" ይለኝ ነበር። እንስሳ ከሆኑማ መራባቸው አይቀርም።

ምራቴ ፀሐይ፣ ተስካሩ እሑድ ነው፣ ከዚያ በፊት ሣጥኑ ይነቀል አለች። ለእንግዳ ቦታ ጠበበ ነው ምክንያቷ። እኔን ታታልላለች? ማየት አቅቷት ነው። በሳሎኑ ስታልፍ ፊቷን አዙራ ነው።

ማክሰኞ

ውሃው ጎድሏል። ዳዊት ከዚህ እንዳይወርድ ብሎ መስታወቱ ላይ ፕላስተር ለጥፏል። በጎደለ ቁጥር ጨው በጥብጬ እጨምራለሁ። ውሃው ሲሄድ ጨዉም አብሮት ይሄድ የለ?

ይኼ ጨው ልጄን የበላ ጨው ነው። ከጅቡቲ ሲላክለት ጋሸና ድረስ ሄዶ ተቀብሎት ሲመለስ መኪናው ተገለበጠ። ከረጢቱ አልተቀደደም። ከሬሳው ጋር አብረው አመጡልኝ።

አበቦቹ ተጨማድደዋል። ውሃውን የሚያዘዋውረው ሞተር እንደ ሰው ይተነፍሳል። ጠዋት "ዳዊት፣ ተነሣህ?" ብዬ ኋላ አፌን በእጄ ያዝኩ።

ረቡዕ

የነፍስ አባቴ መጡ። ቆመው አዩና፣ "በጾም ቀን ዓሣ ፊት ነው እንዴ የምትውዪው?" አሉኝ።

"አይፍሩ አባ፣ አልበላትም። እሷም እየጾመች ነው" አልኳቸው።

ሳቁ። ቆየት ብለው ግን ልጁን ልቀቂው፣ ነፍሱን አትያዥው ሲሉ መከሩኝ። ማን ያዘው? እሱ ነው እንጂ የያዘኝ።

ነአኩቶ ለአብ ገዳም ሄድኩ። እዚያ ጠበሉ ከዋሻው ጣራ ጠብ ጠብ ይላል። የታመመ ሁሉ ይቀምሰው የለም ወይ፣ ዓሣዋ ምን አጠፋች? በጀሪካን ቀድቼ በባጃጅ መጣሁ። ለማን እንደሆነ ትንፍሽ አላልኩም።

ሐሙስ

ጠበል ላይ ጨው አይበጠበጥም። በስመአብ ብዬ እንዲሁ ቀስ እያልኩ እስከ ምልክቱ ጨመርኩት።

ፀሐይ ከጓዳ ወጥታ አየችኝ። "ጨው የለበትም እኮ! ገደሏቸው፣ እማዬ" ብላ አለቀሰች። ገረመኝ። ይነቀል ያለችው እሷ አይደለችም?

ከመስታወቱ ፊት ሳልነሣ ዋልኩ። ያስቀመጠልኝ ሁሉ በእጄ ቢያልቅስ?

ዓርብ

ተከፈቱ! ሁሉም አይደሉም፣ አረንጓዴዎቹ አበቦች ግን ተከፈቱ።

ፀሐይ ጅቡቲ ላለው የዳዊት ጓደኛ ደወለች። ውሃው ሲተን ጨዉ እዚያው ይቀራል፣ ለጎደለው የሚጨመረው ጨው የሌለበት ንጹሕ ውሃ ነው አላት። ለካ እኔ ቋንጣ ላደርጋቸው ነበር። ያ ከረጢት ልጄን በልቶ አልጠገበም፣ እነሱንም በኔ እጅ ሊጨርስ ነበር። ከዓይኔ አርቄ ጓሮ አኖርኩት።

ዓሣዋ ግን አሁንም እምቢ እንዳለች ነው።

ቅዳሜ

የዳዊትን ሰማያዊ ጃኬት ለበስኩ። ሲመግባት የሚለብሰው እሱን ነበር፣ ጠረኑ አልጠፋም። እጅጌው ጣቴን ዋጠው። ሰብሰብ አድርጌ ምግቡን ዘረጋሁ። ወጣች። ከጣቴ ላይ በላች።

ከዚያ ወደ ላይ ወጣች። እኔ አጭር ነኝ። ከራሴ በላይ፣ የዳዊት ፊት በሚሆንበት ቁመት ላይ ቀጥ ብላ ቆማ ወደ ኋላዬ ታያለች። አልዞርኩም። ቢኖርም አልችለው፣ ባይኖርም አልችለው።

ፀሐይ በር ላይ ቆማ ስታይ ኖሯል። የነገው እንግዳ ግቢ፣ ድንኳኑ ውስጥ ይቀመጣል አለች። ቀጥላ ድምጿን ዝቅ አድርጋ፣

"እማዬ፣ ነገ ጃኬቱን እኔ ልልበሰው?"

አውልቄ ሰጠኋት። "ይሞቃል" አለች፣ ደረቷ ላይ አስጠግታ። ሙቀቱ ከኔ አይደለም፣ የኔ ገላ እኮ በረዶ ነበር።