ላልተማርኩት ትምህርት የተከፈለኝ ካሣ

ታኅሣሥ 7 ቀን 1996
ዛሬም እንደ ትናንቱ። ጠዋት ነጭ ጋዋኔን አጥቤ አሰጣሁ፣ ከሰዓት ኮሌጅ ገባሁ። በሚቀጥለው ሳምንት ማዋለድ እንጀምራለን። ቲቸር ወልደየሱስ የፕላስቲክ ሕፃን ይዤ እመጣለሁ ብሏል። ጓደኛዬ ሰልዋ “አባትየው ማን ነው?” ብላ ክፍሉን በሳቅ ገደለችው። ስንመለስ አባቷ ጋሽ ሀይረዲን ከሱቃቸው ብስኩት ሰጡን። ሌላ ምንም የለም። ማዋለድ ግን እፈራለሁ... ነርስ ሆኜ ደም ልፈራ ነው እንዴ?

ታኅሣሥ 14
አስተማሪ የለም። ጥበቃው “ነገ ኑ” ይላል።

ታኅሣሥ 20
አሁን ገባኝ። አስተማሪዎቹ ሥራ አቁመዋል። ደሞዝ ካዩ ቆይተዋል አሉ። ቲቸር ወልደየሱስን ቃሊቲ መናኸሪያ አጠገብ አገኘሁት። ልቆጣው ነበር። ግን ከሳሪስ በእግሩ ነው የመጣው፣ ፊቱ አቧራ ለብሷል።
“ሌንሳ፣ ከናንተ ጋር ጠብ የለንም” አለኝ።
ይሄንንማ አውቃለሁ። እሱ ልክ ነው። እኛም ልክ ነን። ታዲያ ማን ላይ ነው የምናደደው?

ጥር 3
ተማሪው ተሰበሰበ። ኮሌጁ ካሣ ይክፈለን ተባለ። አንዱ ፍርድ ቤት እንሂድ ይላል፣ ሌላው ክፍያችን ይመለስ ይላል። እኔ ትምህርቱ ይመለስልን አልኩ። ሳቁብኝ። ምን ያስቃል?
በመጨረሻ ለባለቤቱ ለአቶ ፈቀደ ሽማግሌ ይላክ ተባለ። ጋሽ ሀይረዲንና የኔ አባት ተመረጡ። አባዬ በኛ አካባቢ የድንበሩንም፣ የከብቱንም፣ የደሙንም ካሣ ሲቆርጡ ነው የኖሩት። የኮሌጅ ካሣ ግን ሰምተውም አያውቁ። “በዳይና ተበዳይ እስካለ ድረስ ያው ነው” አሉኝ። ልቤ ትንሽ አረፈ።

ጥር 16፣ እሑድ
ታረቅን! ማለቴ... አባዬ ታረቃችሁ ብለውኛል።
አቶ ፈቀደ “በድያለሁ” ብለው ሽማግሌዎቹ እግር ላይ ሊወድቁ ሲሉ ያዟቸው። ገንዘብ ግን የላቸውም። ያለኝን ልስጥ አሉ። ያላቸው ማርክ ነው። ላልተማርነው ትምህርት ለሁላችንም ቢ! አስተማሪዎቹም ውዝፋቸው ቀስ እያለ ሊከፈላቸው ወደ ሥራ ይመለሳሉ። ሽማግሌዎቹ ካሣውን ተቀብለው መረቁ።
“አባዬ፣ እኔ እኮ ማዋለድ አላውቅም” አልኳቸው።
“ላም የገደለ ላም ባይኖረው ጊደር ይሰጣል። ጊደሯ ታድጋለች” አሉኝ።
ቢ ያድጋል? ይሄን አፍ አውጥቼ አልጠየቅኩም። እሳቸው ግን ከፊቴ ያነበቡት መሰለኝ፣ ቀጠሉ።
“ካሣ ተቀብሎ ነገር መቆስቆስ ነውር ነው። ምርቃታችንን ታፈርሻለሽ።”
በጣም ደስ ብሏቸዋል። እኔ ምን እንደሆንኩ አላውቅም። አለቀስኩ፣ ለምን እንደሆነ ግን እንጃ።

ጥር 20
ክፍሉ ሠርግ ቤት ሆኗል። ሰልዋ “አቦ አንቺ ደግሞ፣ በነፃ የመጣ ቢ ይመርሻል?” አለችኝ። ልክ ሳትሆን አትቀርም። ሳይለፉ ማለፍ ማን ይጠላል? እኔ ነኝ የታመምኩት?

የካቲት 5
ቲቸር ወልደየሱስ ተመልሶ ማዋለድን ዘሎ ጀመረ። ሲወጣ ተከተልኩት። እባክህ ብቻዬንም ቢሆን አስተምረኝ አልኩት። ካሣ የተከፈለበትን ላንቺ ካስተማርኩ ሌላውም ይመጣል፣ ያኔ እርቁ ፈረሰ፣ ደሞዜም አብሮ ይቀራል አለኝ። ቀና ብሎ አላየኝም። አዘንኩለት፣ ተናደድኩበትም። ሁለቱም ባንዴ ይሆናል ለካ።

መጋቢት 2
ለልምምድ ጤና ጣቢያ ተመደብን። እኔና ሰልዋ ማዋለጃ ክፍል። እግዚአብሔር ያውቃል።

መጋቢት 9
ምጥ የያዛት ሴት ገባች። አዋላጇ ሲስተር ዳሲቱ ሌላ ወላድ ይዛ ነበር። ከኮሌጅ በመጣው ወረቀት ላይ ቢዬን አይታለች። “አንቺ ተቀበያት፣ መጣሁ” አለችኝ። ጓንት አደረግኩ። ሰልዋ አቀረቀረች። ሴትየዋ ክንዴን ጨምድዳ ይዛ “እህቴ፣ አደራሽን” አለችኝ።
አደራ! ለኔ? አባዬ ትዝ አሉኝ፣ ምርቃቱም።
“ሲስተር፣ ቢ አለኝ እንጂ አልተማርኩም።”
ሲስተር ዳሲቱ ሌላዋን ለረዳቷ ትታ እየሮጠች መጣች። ገፋ አድርጋኝ ቦታዬን ያዘች። “ቁሚና እይ” ብቻ አለችኝ። ሕፃኗ እትብቷ አንገቷ ላይ ተጠምጥሞ ነበር። እኔ ብሆን ምን አደርግ ነበር? ምንም። ቆሜ አያት ነበር።
ሰልዋ ሳትጠብቀኝ ወደ ቤት ሄደች። ሁላችንንም አጋለጥሽን ማለቷ ነው።

መጋቢት 11
ከሌላ ሰው ከሚሰሙ ብዬ ለአባዬ ራሴ ነገርኳቸው። “ምርቃትዎን አፈረስኩ” አልኳቸው። ይቆጣሉ ብዬ ጠበቅኩ።
“ሕፃኗስ?” አሉ።
“ደህና ናት።”
“እናቲቱ?”
“እሷም ደህና ናት።”
ዱላቸውን አንስተው ወጡ። የት እንደሚሄዱ አልጠየቅኩም።

መጋቢት 20
አባዬ ለካ አቶ ፈቀደ ዘንድ ሄደው ኖሯል። ይሄን ዛሬ ነው የነገሩኝ። “የልጄን ካሣ መለስኩ። የሌላ ሰው ልጆችን ካሣ ግን መመለስ አልችልም” አሉ። በዕድሜያቸው ካሣ ሲመልሱ ይሄ የመጀመሪያቸው ነው። አፍረው ይሁን ኮርተው አልገባኝም። እሳቸውም የገባቸው አልመሰለኝም።
ውጤት ተለጥፏል። ከላይ እስከ ታች ቢ፣ ቢ፣ ቢ... የኔ ስም አጠገብ “ያልተሟላ” ይላል። ከክፍሉ የማልመረቀው እኔ ብቻ ነኝ። ሰልዋ አይታኝ አለፈች። አሸነፍኩ ልበል? ይሄ ማሸነፍ ነው?
ከሰዓት ጤና ጣቢያ ገባሁ። ሲስተር ዳሲቱ እጄን በእጇ ይዛ የሕፃኑ ጭንቅላት ሲመጣ የት እንደምደግፍ አሳየችኝ። በሁለተኛዋ ወላድ ጊዜ እጇን ከእጄ ላይ አነሳች።
የኔ አልተነሳም።