የታንኩ መተንፈሻ

ለምሳሳልሽ ልጄ፣

ከሁሉ አስቀድሜ ጤናሽን እጠይቃለሁ። እኔና እናትሽ ካንቺ ናፍቆት በቀር ምንም አልሆንን።

ያቺ አሮጊት መኪናችን ሰሞኑን ነዳጅ አልቀበል ብላ ነበር። ማደያ ስወስዳት መቅጃው ገና ከመግባቱ ቀጭ ብሎ ይዘጋል። ጠብ ጠብ እያለ ሲቀዳልኝ ከኋላዬ የተሰለፈው ሁሉ ጥሩምባውን ይነፋል። እኔም በሰው ፊት ቀጂዋን "መቅጃሽ ተበላሽቷል" ብዬ ጮኽኩባት። "አባባ፣ ለሌላው እኮ በደንብ ይቀዳል" አለችኝ፤ አልሰማኋትም።

ኋላ ጎረቤታችን መካኒኩ ከመኪናዋ ስር ገብቶ የታንኩን መተንፈሻ ቱቦ ፈታው። ነዳጁ ሲገባ አየሩ የሚወጣው በዚያ ነው። አፉ ላይ ጨርቅ ተወትፎበታል። "ይሄን ደግሞ ማን አደረገው?" ሲል የሰፈሩን ልጆች አንድ ባንድ ረገምኳቸው። እናትሽ ጨርቁን ተቀብላ ዘረጋችው። አንቺ የላክሽልኝ መሀረብ ነው።

"ቤንዚን ሸተተኝ ብለህ ከስር ገብተህ አልነበር?" አለችኝ ቀስ ብላ። በዚህ ዕድሜዬ ማን መኪና ስር ይገባል ልላት ስል የጃኬቴን ጀርባ አሳየችኝ። ግራሶው አልለቀቀም።

አሁን መኪናዋ ግጥም አድርጋ ትጠጣለች። እናትሽም መኪና መሳፈር የማትወደዋ ሴትዮ፣ የትም ስሄድ ከጎኔ ናት፤ ለጨዋታ ነው ትላለች። ትናንት ከሰዓት ቀጂዋን ይቅርታ ልጠይቃት ሄድን። ልጅቷ እናትሽን አየት አደረገችና "አባባ፣ ጠዋትም እኮ እርስዎ ጠይቀውኛል" አለችኝ።

ስለ እኛ ሳታስቢ ራስሽን ጠብቂልኝ።

አባትሽ