ካቡን ያፈረሱት ገበሬ

ፍሬ፣ እንዴት ከርመሻል?

ሞጣ አጠገብ ነን። ሥራችን ከብት ገብቶ ቡቃያ እንዳይበላ በቤተ ክርስቲያን ደን ዙሪያ የድንጋይ ካብ መካብ ነው። ትናንት ጠዋት ስንደርስ፣ ማሳቸው ከደኑ የሚዋሰነው አያ ሽታሁን እኛ የካብነውን ሲያፈርሱ አገኘናቸው። አለቃችን ፅጌረዳ «ወሰን ገፋንባቸው እንዴ?» ብላ ደነገጠች። በወሰን ነገር ቀልድ የለም እዚህ።

ሰውዬው ድንጋዩን ተሸክመው ወደ ጤፍ ማሳቸው ገባ አሉና እዚያ ይክቡ ጀመር።

«ደኑን መላወሻ አሳጣችሁት» አሉን። «የእናቴ መቃብር ዳር ላይ ነው፤ ቀኑን ሙሉ ፀሐይ ይመታታል። ዛፉ ወደዚህ ይምጣላት።»

ተሰልፈን ድንጋይ አቀበልናቸው፤ ከማሳቸው አንድ ጥማድ በሬ የሚዞርበት ያህል ወደ ደኑ ገባ።

እናንተ አዳማ ላይ ከጎረቤታችሁ ከጋሽ እዮብ ጋር ስለ አንድ ክንድ ግንብ ፍርድ ቤት የምትመላለሱት ትዝ አለኝ።

ፖስትካርዱ ሞላብኝ። እማማ ፀሐይነሽን ጉንጫቸውን ሳሚልኝ። ለጋሽ እዮብም ሰላም በይልኝ፣ ግንቡ ላይ ተንጠላጥለሽም ቢሆን።

ጓዴ