ዋናው ድምፅ

ጥቅምት 6
ልምምድ። እንደ ወትሮው እህቴ ፒያኖው ጋ፣ ሻርፕ አንገቷ ላይ ጠምጥማ። እኔ ሁለተኛውን ድምፅ ብቻዬን ዘፈንኩ። ዋናው የሷ ነው፤ ቦታውን ባዶ ትተን በእጇ እየመራችኝ እናልፈዋለን። "ሐኪሙ ድምፅሽ በስድስት ወር ይመለሳል ብሏል" አለች በሹክሹክታ። ከጉሮሮዋ ቀዶ ጥገና ዓመት ሊሆነን ነው... ማን ደፍሮ ይንገራት?

ጥቅምት 9
አቀናባሪው ደወለ። አልበማችን ለዓመቱ ምርጥ ጥንድና ቡድን ሽልማት ታጭቷል። እህቴ አቅፋኝ አለቀሰች። "ከድምፄ የቀረኝ እሱ ነው" አለች። ደስ አለኝ? ፈራሁ እንጂ።

ጥቅምት 10
እዚህ እንኳ እውነቱን ልጻፍ። ያኔ ስቱዲዮ የቀዳችው አልሆነም፤ ድምፅዋ ይሰነጠቅ ነበር። ሆስፒታል ስትገባ አቀናባሪው "ድምፃችሁ አንድ ነው፣ የሷንም አንቺው ሙዪው፤ ማን ያውቃል?" አለኝ። ሞላሁት። ዘጠኙንም ዘፈን። ከሆስፒታል ስትወጣ አስደመጥኳት። እስከ መጨረሻው ሰምታ "ጥሩ ዘፍነናል" አለች። እኔም ዓይኔን በጨው ታጥቤ "አዎ" አልኩ።

ጥቅምት 14
ከሸላሚዎቹ ቅጽ መጣ። "እያንዳንዱ አባል በአልበሙ ላይ በራሱ ድምፅ መዝፈኑን በፊርማው ያረጋግጥ።" እህቴ መነጽሯን አድርጋ ሁለቴ አነበበችው። "አንቺ ቅደሚ" አለች። "ታላቅ እያለ?" ብዬ ቀለድኩ። አልሳቀችም። ሐሙስ መድረስ አለበት።

ጥቅምት 15
ብነግራት የቀራትን ድምፅ እነጥቃታለሁ። ባልነግራት በውሸት አስፈርማታለሁ። ምን ይሻለኛል?

ጥቅምት 16
ነገርኳት። ልብስ እያጠፍን ነበር።
"እታለም... አልበሙ ላይ ዋናውን የዘፈንሽው አንቺ አይደለሽም። እኔ ነኝ።"
የያዘችውን አንሶላ አጥፋ ጨረሰች።
"አውቃለሁ።"
"ከመቼ?"
"ከመጀመሪያው ዘፈን። 'እስክመለስ በሩን አትዝጊ' የምትለዋን እኔ በአንድ ትንፋሽ ነው የምላት። አንቺ 'በሩን' ላይ ትተነፍሻለሽ። ስንት ዓመት ስቆጣሽ ኖሬ አላውቃት?"
"ታዲያ ለምን ዝም አልሽኝ?"
"እስክትነግሪኝ። ደግሞ... ሰው ሁሉ የዘፈንኩት እኔ ስመስለው ደስ ይለኝ ነበር።"
ቁጣው የመጣው ከዚያ በኋላ ነው። "አልጋዬ ድረስ መጥተሽ ብትጠይቂኝ እኮ እሺ እልሽ ነበር!" አለች፤ ያ ሹክሹክታዋ እንኳ ተቆራረጠባት። መጠየቅ... ለካ እሱ ብቻ ነበር።

ጥቅምት 18
ቅጹን ሳንፈርም፣ ምክንያቱን ጽፈን መለስን። አቀናባሪው ስልክ ላይ ጮኸብኝ። ይጩህ።

ኅዳር 21
ሽልማቱን በቴሌቪዥን አየን። ሦስት ወንድማማቾች ወሰዱት። በደንብ ዘፈኑ፤ ምን ይባላል። እህቴ አጨበጨበች። እኔም... ትንሽ ቆይቼ።

ኅዳር 24
ልምምድ። እህቴ ሻርፗን አውልቃ ወንበሩ ላይ ጣለችው።
"ዋናውን አንቺ ያዥው" አለች።
"ያንቺን?"
"ከዛሬ ጀምሮ ያንቺን።"
ጀመርኩ። አዝማቹ ላይ ስንደርስ ከሥር ገባች፣ በሁለተኛው። ሻካራ፣ ግማሹ አየር የሆነ... ድምፅ ብሎ የሚቀበለው የለም። ግን የሷው ነው።
እንዳታፍር ድምፄን ከፍ አድርጌ ልሸፍናት? ወይስ ድምፅዋ እንዲሰማ ዝቅ ልበል?
ዝቅ አልኩ።