በሦስት ጣት ያጠረችው እግር

አዲስ አበባ፣ ፈረንሳይ ለጋሲዮን፣ ኅዳር 18 ቀን 1977 ዓ.ም.

ውድ ፍሥሐ፣

«ውድ» ያልኩህ ደብዳቤ የሚጀመረው እንዲህ ስለሆነ ብቻ ነው። ስድስት ዓመት ሙሉ በእደ ጥበብ ማኅበሩ ታይፕ የማላውቀውን ሰው ሁሉ «ውድ ጓድ» ስል ኖሬአለሁ፤ አንተን አንድ ጊዜ ብልህ አይጎድልብኝም። እንዴት ሰነበትክ ግን አልልህም። ደህና እንደሆንክ ተላላኪው ሙክታር ነግሮኛል። አዲስ ሱፍ አሰፍተሃል አሉ፤ ለምሥራቅ ጀርመን ብርድ ብለህ ካፖርትም እያፈላለግክ ነው አሉ። ይሙቅህ።

የላክኸው ወረቀት ደርሶኛል። ሙክታር መገናኛ ካለው የማኅበሩ ግቢ እዚህ ፈረንሳይ ድረስ በእግሩ አምጥቶ፣ ተቀመጥ ብዬው እንኳ እምቢ ብሎ፣ «እስከ ሐሙስ የአባትሽ የጣት አሻራ ያስፈልገዋል፤ ያለዚያ በበርጩማው ያገኘው የጀርመን የትምህርት ዕድል ለሌላ ሰው ያልፋል ብሏል» አለኝና ሄደ። ሲያወራኝ ዓይኑን እያሸሸ ነበር። ምስኪን፤ አንተ ያላፈርክበትን እሱ አፈረልህ።

ወረቀቱን ደጋግሜ ከማንበቤ የተነሣ በቃሌ ይዤዋለሁ። «እኔ ዓለሙ ሠረቀብርሃን፣ በዕድሜና በዓይን ድካም ምክንያት አሳስቼ የሠራሁትን ያዘመመ በርጩማ ጓድ ፍሥሐ በሙያው አርሞ አዲስ ታጣፊ በርጩማ የፈጠረ መሆኑን እመሰክራለሁ።» እንዴት ያምራል! ከሥርም አባቴ አውራ ጣቱን የሚያሳርፍበት ክብ ነገር ሥለህለታል። ቦታው እንዳይጠፋው መሆኑ ነው።

መስከረም ላይ ለአብዮቱ አሥረኛ ዓመት የእደ ጥበብ ትርኢት ሲከፈት አጠገብህ ቆሜ ነበር። አንዱ ባለሥልጣን በርጩማውን አንሥቶ አጠፈው፣ ዘረጋው፣ ደግሞ አጠፈው። «እንዴት አሰብከው ጓድ?» አለህ። አንተም ደረትህን ነፍተህ «ሰፊው ሕዝብ በየስብሰባው ቆሞ እንዳይውል ብዬ ነው» አልክ። ተጨበጨበ። እኔም አጨበጨብኩ። ያኔ ያጨበጨቡትን እጆቼን ዛሬ ሳያቸው ይቀፉኛል።

አንተ ስለዚያ ዕቃ ምንም አታውቅም። ከየት እንደመጣ፣ ማን ለማን እንደሠራው፣ ለምን አንዷ እግር በሦስት ጣት እንዳጠረች አታውቅም። ዛሬ ልነግርህ ነው። አውሮፕላን ላይ ስትወጣ ሆድህ ውስጥ ይዘኸው ሂድ።

ሲጀመር በርጩማ አይደለም። ማንም ሰው ተቀምጦበት አያውቅም። እኛ ቤት ስሙ ማሳረፊያ ነው፤ የሚያርፍበትም ሰው ሳይሆን ሸክም ነው። እናቴ አሳየች እንጨት ለቃሚ ናት።

ይህችን አንዲት ዓረፍተ ነገር ሁለት ዓመት ሙሉ አፌ ላይ እያደረስኩ ስመልሳት ኖሬአለሁ። መገናኛ ሻይ ቤት ተቀምጠን «እናትሽ ምን ትሠራለች?» ስትለኝ «ቤት ነው የምትውለው» አልኩህ። እናቴ ቤት የምትውለው እሑድና በትልልቅ በዓላት ብቻ ነው። ሌላውን ቀን ሳይነጋ ወጥታ እንጦጦ ላይ ቅርንጫፍና ጭራሮ ለቅማ፣ አስራ፣ ጀርባዋ ላይ አዝላ ትወርዳለች። እኔን ያስተማረኝ፣ ታይፕ ቤት ያስገባኝ፣ ያንን አንተ የወደድከውን ሰማያዊ ቀሚስ ያለበሰኝ ያ እንጨት ነው።

አንድ ቀን አንተና እኔ በመንገድ ስንሄድ እንጨት የተሸከሙ ሴቶች ተከታትለው ሲወርዱ ታስታውሳለህ? «እነዚህ ሰዎች ተራራውን መላጣ አስቀሩት» አልክና ቀሚሴን እንዳይጭሩብኝ ክንዴን ይዘህ ወደ ጥግ ሳብከኝ። ሦስተኛዋ እናቴ ነበረች። አየችኝ። አንገቷን ደፍታ አለፈች። ቤት ስገባ እግሯን እየታጠበች «ቁመቱ ጥሩ ነው» አለችኝ። እግሯን እንኳ አላጠብኩላትም።

አባቴ ደግሞ መቋሚያ ሠሪ ነው። በእንጦጦ አብያተ ክርስቲያናት የሚያገለግሉ ቀሳውስትና ደብተራዎች ቆመው ሲያድሩ የሚደገፉበትን የሚያሠሩት እሱ ዘንድ ነው። ሜትር የለውም። መቋሚያ ሊያሠራ የመጣን ሰው ቶሎ አይለካውም፤ ከደጅ አቁሞ ስለ ዝናቡም ስለ ልጆቹም ያስወራዋል። ሰውዬው ሲሰለቸውና ትከሻው ወረድ ሲል ያኔ ገመዱን አውጥቶ ይለካዋል። «ያልደከመው ሰው መቋሚያ ምን ያደርግለታል?» ይላል። የአንተ ሜትር ይህን አይለካም።

ለእንጨት ለቃሚ ትልቁ ጭንቅ ማረፉ ነው። ሸክሙን መሬት ካወረደችው ብድግ አድርጎ የሚያሸክማት ሰው ትፈልጋለች። ሸክሟን የምታስደግፍበት ጉብታ ወይም ትልቅ ድንጋይ ካገኘች ቆማ ታርፋለች፤ ካላገኘችና ብቻዋን ከሆነች ሳታርፍ ትወርዳለች። በ1968 እናቴ ነፍሰ ጡር ሆና አንድ ቀን ከባልንጀሮቿ ተነጥላ ሳታርፍ ወረደች። በማግስቱ አስወረዳት። ከእኔ በኋላ ልጅ የላትም።

አባቴ የዚያን ሰሞን መቋሚያ መሥራት ተወ። እናቴ ዳግመኛ ስትወጣ ተከትሏት ወጣ። ስትወርድ ከኋላ ከኋላዋ እየሄደ፣ ጉልበቷ መንቀጥቀጥ በጀመረበት ቦታ ሁሉ «ቁሚ አሳየች» እያለ ከመሬት እስከ ሸክሙ ሥር በገመዱ ለካ። አራት ቀን እንዲህ አደረገ። «ዓለሙ ሚስቱን ሊጠብቅ ወጣ» ብለው ሳቁበት። ከዚያ ሠራው። ሦስት የባሕር ዛፍ እግሮች ወገባቸው ላይ በጠፍር ታስረው፣ ከላይ ቁራጭ ቆዳ ተወጥሮባቸው፣ ሲዘረጉ ሸክም የሚችሉ፣ ሲታጠፉ እንደ ዱላ ከሸክሙ ጎን የሚሰኩ። ሁለቱ እግሮች እኩል ናቸው፤ ሦስተኛዋ በሦስት ጣት ታጥራለች። ለምን መሰለህ? ከእንጦጦ የምትወርድ ሴት ፊቷ ወደ ከተማው ነው፤ ከኋላዋ ያለው መሬት ከፍ ይላል። አጭሯ እግር እዚያ ከፍ ያለው መሬት ላይ ታርፋለች፤ ሸክሙ ሳያጋድል ይቀመጣል፤ እናቴም ማንንም ሳትለምን አርፋ ትነሣለች። ለጥ ያለ ወለል ላይ ካቆምከው ያዘምማል። ያየኸው ስህተት እንግዲህ ይኸው ነው።

አሁን ወደ ራሴ ልምጣ። ለትርኢቱ አዲስ ነገር አምጡ ተብሎ ስትጨነቅ፣ ደስ ላሰኝህ ብዬ ማሳረፊያውን ከእናቴ ለሁለት ቀን ለምኜ አመጣሁልህ። ጠረጴዛህ ላይ ዘረጋኸው። «ይኼ በርጩማ ምን ሆኖ ነው የሚያዘምመው?» አልከኝ። እውነቱን ልንገርህ ብል የማን ልጅ እንደሆንኩ መናገር ሊኖርብኝ ነው። «አባባ ዓይኑ ደክሟል፤ አሳስቶ ቆርጦት ነው» አልኩህ። አባቴ እስከ ዛሬ የእናቴን መርፌ ክር የሚያስገባላት እሱ ነው! አንተ ሳቅክና «ምንም አይደል፣ እኔ አስተካክለዋለሁ» አልከኝ።

አስተካከልከውም። የእናቴን ለልኬት ብለህ ፈታተህ በተንከው፤ አልመለስከውም። በምትኩ እግሮቹ እኩል ከሆኑት አዲሶቹ አንዱን ቫርኒሽ ቀብተህ «ለአባትሽ ስጪልኝ» አልከኝ። አባቴ ለሥራ ሱሉልታ ሄዶ ነበር። እናቴ አገላብጣ አየችውና «እጁ ይባረክ፣ እንዴት ያብለጨልጫል» አለች። የእግሮቹን ልክ እሷ አላስተዋለችም፤ እኔም አላስጠነቀቅኳት። ጥቅምት ሃያ ቀን ይዛው ወጣች።

ቁልቁለቱ ላይ ዘርግታ ሸክሟን አሳረፈችበት። ያረዘምካት እግር ከኋላ ብድግ ብላ ሸክሙን ወደፊት ገፋችው፤ ሸክሙ እናቴን ይዟት ወረደ። አብራት የነበረችው ወርቅአየሁ ጮኻ ሰው ባትሰበስብ እዚያው ትቀር ነበር። ጭኗ ተሰብሯል። ወጌሻው አስሮታል፤ ሸክም ግን ሁለተኛ እንዳትሞክር ብሏል። አንተ ይህን ሁሉ ጊዜ እናቴ መተኛቷን፣ እኔም እሷን ላስታምም ከሥራ መቅረቴን ከማኅበሩ ሰው ሁሉ ጋር ሰምተህ አንድ ቀን እግርህን አላነሣህም። ሰው ላክህ፤ እሱንም በወረቀት።

አባቴ ከሱሉልታ ሲመለስ ያንተን ዕቃ ደጃፉ ላይ አቁሞ ብዙ አየው። «የሠራው ልጅ እጅ አለው፤ አቆራረጡ ንጹሕ ነው» አለ። እየው እንግዲህ፣ አመሰገነህ። ከዚያ በጣቱ ሦስተኛዋን እግር ለካ። «ይችን ለምን አስረዘማት? አልነገርሽውም እንዴ?» አለኝ። ዕቃውን ከፊቱ አንሥቼ ወደ ጓዳ አስገባሁት። እሱም ደግሞ አልጠየቀኝም።

ትናንት ወረቀትህን አነበብኩለት። ደብቄ ላቃጥለው አስቤ ነበር፤ በስሙ የመጣን ነገር መደበቅ ግን አቃተኝ። «በዓይን ድካም ምክንያት» ከሚለው ስደርስ በእጁ አስቆመኝ።

«ይኼ ልጅ እኔን አይቶኝ ያውቃል?»

«አያውቅም።»

«ታዲያ ዓይኔ መድከሙን ማን ነገረው?»

እናቴ ከተኛችበት ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች። ገብቷታል። «እኔ ነኝ አባባ» አልኩት።

ይቆጣል ብዬ ጠበቅኩ። ተመኘሁም። እሱ ግን አውራ ጣቱን በጋቢው ጫፍ ጠረገና ዘረጋልኝ።

«ቀለሙን አምጪው። ልጄ ካለች ደክሟል።»

ፍሥሐ፣ እያሾፈ መስሎህ እንዳትስቅ። የእውነቱን ነበር። ሊፈርምልህ ነበር፤ ለአንተ ብሎ ሳይሆን እኔ በሰው ፊት ውሸታም እንዳልባል። አርባ ዓመት የሠራበትን ዓይኑን ለእኔ ውሸት ሊሰጥ እጁን ዘረጋ። እግሩ ላይ ወድቄ አለቀስኩ። እናቴም ከአልጋዋ አለቀሰች። ከሁሉ የሚያናድደኝ ግን ይህን አንተ ሳታለቅስ እንደምታነበው እያወቅኩ መጻፌ ነው።

«አንቺው ነሽ የዋሸሽኝ» እንደምትለኝ አውቃለሁ። አዎ፣ ዋሽቻለሁ። የራሴን ዕዳ እስክሞት እሸከመዋለሁ፤ ማንም እንዲያግዘኝ አልፈልግም። አንተ ግን የእንጨት ሥራ ሙያ ተምረሃል። የማታውቀው ዕቃ እጅህ ሲገባ አንድ ቀን እንኳ «እስቲ ሠሪውን ላግኘው» አላልክም። ከመገናኛ ፈረንሳይ ስንት ሰዓት ያስኬዳል? ሠሪውን ሳታይ አረምከው፤ ሳታይ ሰረቅከው፤ አሁን ደግሞ ሳታየው አስፈርሚልኝ ትላለህ። ሌባስ ቢያንስ ቤቱ ድረስ ይመጣል።

አሻራው አይመጣልህም። ወረቀትህን ይዤዋለሁ። ዛሬ ጠዋት ለማኅበሩ ሊቀመንበር ማመልከቻ ጽፌ እዚሁ ሰፈር ታይፕ ቤት በሦስት ኮፒ መትቻለሁ፤ ሐሙስ በጠቅላላው ስብሰባ ላይ ቆሜ አነበዋለሁ። እናቴ ምን እንደምትሠራ፣ አባቴ ምን እንደሠራላት፣ እኔ ምን እንደዋሸሁ፣ አንተ ምን እንደሰረቅክ፣ ሁሉንም በቅደም ተከተሉ። ከሥራ ያባርሩኝ ይሆናል፤ ያባርሩኝ። አንተ መምጣትህ ካልቀረ ከነበርጩማህ ና። ለስብሰባ ጥሩ መቀመጫ ነው።

ሽማግሌ እልካለሁ ያልከውን እርሳው። ደብዳቤም ሰውም ወደዚህ ቤት አትላክ። መልካም መንገድ አልልህም።

የማርያምወርቅ ዓለሙ
የመቋሚያ ሠሪው የዓለሙና የእንጨት ለቃሚዋ የአሳየች ልጅ