በሙዚቃ የተሰፋ ቁምጣ

ሐምሌ 5 ቀን 1974፣ ሰኞ

የግዛው ቴፕ ላይ ውሃ ያፈሰስኩት እኔ አይደለሁም።

ወርቅዬ ቅዳሜና እሑድ ከመካኒሳ አቦ እስከ ጎፋ ስታወራ ከርማለች አሉ። «እትዬ ብርነሽ በጆግ አምጥተው ገለበጡበት።» በጆግ! የስፌት ማኅበራችን ውስጥ ጆግ የለም። ውሃ የምንጠጣው በጣሳ ነው። ሰው ሲዋሽ እንኳ ቤቱ ውስጥ ባለ ዕቃ ይዋሻል። እውነቱ ጣሪያው ማፍሰሱ ነው። ቴፑን ከቀዳዳው ሥር ያስቀመጠው ራሱ ግዛው ነው፤ ጨርቅ የሚቆርጥ ሰው ቀና ብሎ ጣሪያ ማየት አይችልም? እኔ ጠብታውን አየሁት። አልተናገርኩም። ዝም ማለት ማፍሰስ ነው እንዴ?... አይደለም።

ለማንኛውም ዛሬ ጠራርጎ ይዞት መጣ። ይሠራል። ያሳዝናል።

ዘጠኝ የስፌት መኪና፣ አንድ ቆርቆሮ ጣሪያ፣ አንድ ቴፕ። ዝናቡ ሲበረታ ድምፁን ይጨምራሉ። ሲያባራ ግን የሚቀንስ የለም። ሰው ሲገባ አይቀንሱም። ሰው ሲያናግራቸው አይቀንሱም፤ «እ?» ይላሉ። ደንብ አለን ባዮች ናቸው ደግሞ። ደንባቸው ካሴት በየተራ መምረጥ ነው። ሰኞ የግዛው፣ ጉራግኛ። ማክሰኞ የወርቅዬ፣ ትዝታ። እንዲህ እያለ ይሄዳል። የእኔ ተራ የለም። ስፌት የሚቆጣጠር ሰው ጆሮ አያስፈልገውም መሰለኝ።

አዲሷ ልጅ ሣራ ተራዋን አትወስድም። «ለእኔ ሁሉም ደስ ይለኛል፣ እናንተ ምረጡ።» ሁሉም ደስ የሚለው ሰው ምን ዓይነት ሰው ነው? ከዚያ አፏን ዘግታ ከሙዚቃው ሥር ታጉረመርማለች። ቀኑን ሙሉ። ንብ የገባበት ጣሳ።

እኔ ስፌት የተማርኩት ፈረንጇ አስተማሪያችን ማድሞዋዜል ፊት ነው። ክፍሉ ውስጥ የሚሰማው መቀስ ብቻ ነበር። ያጉረመረመች ጣቷን ታቀርባለች፤ ማስመሪያው ይወርዳል። ያኔ የሰፋሁት ቀሚስ አሁንም ሳጥኔ ውስጥ አለ። አንድ ክር አልተፈታም።

ሐምሌ 7፣ ረቡዕ

ዩኒፎርም የምንሰፋለት ትምህርት ቤት አርባ ሁለት ቁምጣ መለሰ። ገና ልጅ ሳይለብሰው! የንብረት ክፍሉ ሰውዬ አንዱን በሁለት እጁ ይዞ ሳብ ሲያደርገው መቀመጫው ላይ ተተረተረ። እየሳቀ፦

«እትዬ፣ ልጆቹ ዓመቱን ሙሉ ቆመው ይማሩ?»

ስልሳ ስድስት ዓመቴ ነው። እንዲህ ያለ ነገር ፊቴ ላይ የተባለበት ቀን አላስታውስም። እነዚህን ሊቀመንበራችን ምትኩ «ኮታው ደርሷል» ብሎ ሳላያቸው ያስጫናቸው ናቸው። ነገርኩት። አልሰማም። ቴፑ ይጮህ ነበር።

አርባ ሁለቱንም መስኮት አጠገብ ዘርግቼ አየሁ። ስፌቱ አንድ ቦታ ጠቅጠቅ ይላል፣ ቀጥሎ ይሳሳል፣ እንደገና ይጠቀጠቃል። ክር መጥፎ ቢሆን ሁሉም ቦታ መጥፎ ይሆናል። መርፌም እንደዚያው። ታዲያ ምንድነው?

ከሰዓት በኋላ ዓይኔን ከጨርቁ አንስቼ እግር አየሁ። ገባኝ። ከበሮው ሲሮጥ እግራቸው ፔዳሉ ላይ ይሮጣል። ዘፋኙ ሲያለቅስ እግራቸው ይተኛል። ካሴቱ ሲገለበጥ ሁሉም ቀጥ ይላሉ። መንግሥት በሰጠው ጨርቅ ላይ እየጨፈሩ ነው! አሁን ቁምጣ ስጡኝ፣ በየትኛው ካሴት እንደተሰፋ እነግራችኋለሁ።

ስምንቱ እንዲህ ናቸው። የሣራ ብቻ ከዳር እስከ ዳር እኩል ነው። ከተመለሱት ውስጥ አንድም የእሷ የለም። ለምን?... ለነገሩ እሷ ጆሮ የላትም።

ለግዛው ነገርኩት።

«እትዬ፣ ቁምጣ እስክስታ ይወርዳል ሊሉኝ ነው?»

ሳቁ። ወርቅዬ እንባዋ እስኪመጣ።

ሐምሌ 8፣ ሐሙስ

ዝናብ። ጉራግኛ። ተራው ሳይሆን የግዛው ካሴት። አራት መርፌ ተሰበረ።

ሐምሌ 10፣ ቅዳሜ

ምትኩ ለሪፖርቱ ጥፋተኛ ይፈልጋል። ምክንያት አይደለም፣ ጥፋተኛ። «ጓድ ብርነሽ፣ የአንድ ሰው ስም ብቻ ስጡኝ።» ጓድ! የእናቱን የሠርግ ቀሚስ የሰፋሁት እኔ ነኝ።

ግዛው ቸኩሎ፦ «ሣራ ናት። እጇ ገና አልተፈታም።»

የእሷ ስፌት ከሁሉም ይሻላል አልኩ። «እሱን በስብሰባ እናያለን» አለና ምትኩ ሄደ። ሐሙስ ነው ስብሰባው። በማኅበሩ ሕግ ስሙ የቀረበ ሰው ከሥራ ይወጣል፤ ሣራ ደግሞ ከሆሳዕና ይዛ ያመጣቻቸው ሁለት ታናናሽ እህቶች አሏት።

ተናድጄ ነበር። ዞር ስል አሁንም ታጉረመርማለች። ከኋላዋ ቆምኩ።

«እዚህ ቤት የሚበቃ ጩኸት አለ። አንቺ ደግሞ አትጨምሪ።»

ደነገጠች። «ይቅርታ እትዬ... ሳላውቀው ነው። እግሬን የሚነዳልኝ እሱ ነው።»

«እግርሽን ራስሽ ንጂ።»

ዝም አለች። ቢያንስ አንድ ሰው ታዘዘኝ።

ሐምሌ 13፣ ማክሰኞ

የሣራ ስፌት ተበላሸ።

ሰኞ የሰፋችው ጠቅጠቅና ሳሳ፣ ጠቅጠቅና ሳሳ። ንጹሕ ጉራግኛ። የዛሬው ደግሞ መሃሉ ላይ እንደ ወርቅዬ ተኝቷል። ምትኩ ከእሷ ቁምጣዎች ስድስቱን አነሳና ብብቱ ሥር ከተታቸው። «ማስረጃ ተገኘ።» ፊቱ በራ። ሰው በሌላው ጥፋት እንደዚህ ሲበራ... ምን ዓይነት ዘር ነው?

ቁጭ ብዬ አሰብኩ። እግሬን የሚነዳልኝ እሱ ነው ብላኝ ነበር። ነግራኛለች! ስምንቱ ከቴፑ ጋር ሲሮጡ እሷ የራሷን ዜማ ይዛ በዚያ ነበር የምትሰፋው። ያንን ቀማኋት። ምትኩ ብብት ውስጥ ያለውን ማስረጃ የሰፋሁት እኔ ነኝ ማለት ነው።

እኔ። የማድሞዋዜል ተማሪ።

በምሳ ሰዓት ወደ ጓሮ ጠራኋት።

«የምታጉረመርሚው ምንድነው?»

መሬት መሬት አየች። «መዝሙር ነው፣ እትዬ። ጸሎት ቤታችን ከታሸገ ወዲህ እቤትም ጮክ ብለን አንዘምርም። አፌን ከዘጋሁ ማን ያውቃል ብዬ...»

«ታዲያ ለእኔ ለምን ነገርሽኝ?»

«ጠየቁኝ እኮ።»

የሚጠየቀውን ሁሉ ይመልሳል ሰው? ሲዘምሩ ከተያዙት የት እንደገቡ ዛሬም ያልታወቁ አሉ። እሷ ጓሮ ቆማ፣ ለአንዲት ባልቴት፣ «መዝሙር ነው»! ምን ዓይነት አስተዳደግ ነው? ሌላ ሰው ቢሆንስ የጠየቃት? የእኔ እምነት ሌላ ነው። የእነሱን አካሄድ አልወደውም፣ ወድጄውም አላውቅ። ግን ይሄ ሌላ ነገር ነው።

«ሁለተኛ ለማንም እንዳትናገሪ» ብዬ ገባሁ። ምሳዬን አልበላሁም።

ሐምሌ 15፣ ሐሙስ

ጽሑፌ ተበላሽቷል፤ ማድሞዋዜል ብታየው።

በቅደም ተከተል ልጻፍ።

የቀበሌው የፕሮፓጋንዳ ኃላፊ ወጋየሁ ራሱ መጥቷል። ግማሽ ሰዓት መፈክር። ከዚያ ምትኩ ስድስቱን ቁምጣ ጠረጴዛው ላይ ደረደረ፦ «ጓድ ሣራ ምርትን በማሰናከል...» ሣራ ጥግ ላይ ነጠላዋን ጨብጣ ቆማለች።

ተነሳሁ። የተመለሱትን አርባ ሁለት አምጡልኝ አልኩ። አንድ በአንድ ወደ ብርሃን እያነሳሁ፦ «ይሄ ጉራግኛ ነው። ይሄም ጉራግኛ። ይሄ ትዝታ ነው፣ እዩት፣ እዚህ ጋ አዝኗል።» ሳቁ። ይሳቁ። አንዱን ለወርቅዬ ወረወርኩላት።

«የማን እጅ ነው?»

ገለባበጠችው። ሳቋ ቆመ። «...የእኔ ነው፣ እትዬ። ማክሰኞ የሰፋሁት።»

«ማክሰኞ ማን ይዘፍን ነበር?»

ግዛው ጣሪያውን ያይ ጀመር። ዛሬ ጣሪያ መኖሩን አወቀ።

እዚህ ላይ ብቀመጥ አልቆ ነበር። ምትኩ ግን፦ «የሣራስ? ይሄስ አልተበላሸም?»

እውነት መናገር ልማዴ ነው። «ያንን ያበላሸሁት እኔ ነኝ። ስታጉረመርም ዝም በይ ብዬ ከለከልኳት። ማጉረምረሟ ነበር ከቴፑ የሚያድናት።»

ቃሉ ከአፌ ሲወጣ አየሁት። ልመልሰው አልችልም።

ወጋየሁ እስክሪብቶውን አወጣ። እስካሁን ምንም አልጻፈም ነበር።

«ምንድነው የምታጉረመርመው?»

ሣራ አፏን ከፈተች። ልትነግረው ነው! ስለጠየቃት ልትነግረው ነው!

«መቁጠሪያ ነው» አልኩ። «የእግር መቁጠሪያ። እኔ ነኝ ያስተማርኳት። ትምህርት ቤት እያለን ርግጫ የምንቆጥርበት።»

በዕድሜዬ እንዲህ ያለ ውሸት ዋሽቼ አላውቅም። የውሃው ነገር እንኳ ውሸት አልነበረም።

«እንዲህ ከሆነ ያሰሙና፣ እትዬ።»

ሁለት ሳምንት ሙሉ ስትነዘንዘኝ የከረመች ዜማ ናት፤ የት ትሄድብኛለች? ቁጥር አለበስኳት። አንድ... ሁለት... ሦስት... እስከ ስምንት፣ ከዚያ እንደገና። ድምፄ የዛገ ማጠፊያ ነው። ሰው ፊት ዘፍኜ አላውቅም። ስምንት ሰፊ፣ አንድ ቆራጭ፣ አንድ ሊቀመንበር አፋቸውን ከፍተው ያዩኛል። ሣራ ፊቷን ነጠላዋ ውስጥ ቀበረች። ሰው ያፈረች ይመስለዋል።

ሦስተኛው ዙር ላይ የወርቅዬ እግር አግዳሚው ሥር መርገጥ ጀመረ። እኩል።

ወጋየሁ ጠረጴዛውን መታ። «ይሄ ነው! ይሄ የምርት ማሳደጊያ ዘዴ ነው!» ከዚያ እንደ እነሱ ልማድ ውሳኔ በውሳኔ ላይ፦ ሣራ በሥራዋ ትቀጥል። ቴፑ ወደ ባለቤቱ ቤት ይሂድ። መቁጠሪያውን ሁሉም ሰፊ ይማር። ሰኞ የሌሎች ማኅበራትን ኃላፊዎች ይዞ መጥቶ ያሰማቸዋል።

ያሰማቸዋል።

ሌላ ምን ተነጋገርን? አላስታውስም።

ሐምሌ 18፣ እሑድ

ትናንትና ከትናንት በስቲያ ጸጥታ ነበር ልል አልችልም። ዘጠኝ ሴት በአንድ ዜማ ይቆጥራሉ። ስፌቱ ግን... አየሁት፣ ሳብኩት፣ በመስኮት ብርሃን አገላበጥኩት። እኩል ነው። አንድም አልመለስኩም። ግዛው አኩርፎ ጨርቅ ይቆርጣል፤ መቀሱ ራሱ በስምንት ይሄዳል፣ አላወቀውም እንጂ። የሚገባ እንግዳ «እንዴት ዋላችሁ» ሲል ተሰማ። መለሱለትም። ተአምር ነው።

ሣራ ትናንት ሌሎቹ ሲወጡ ጠብቃ ጉልበቴን ልትስም ጎንበስ አለች። «እግዚአብሔር ይባርክዎት፣ እትዬ።» ጮክ ብላ። በሩ ወለል ብሎ ተከፍቶ። ይቺን ልጅ ያሳደጋት ሰው ማን ነው? አንስቼ ገሠጽኳት። ከዚያ ጃንጥላዬ ሥር እስከ አስፋልቱ ሸኘኋት፤ ዝናብ ነበር።

ችግሩ ሌላ ነው። ትናንት ከሰዓት ሰማሁት። ስምንት ላይ ስትደርስ፣ ዜማው እዚያ ጋ ስለሚወርድ፣ ሣራ ከትንፋሿ ሥር «አሜን» ትላለች። አታውቀውም። አጠገቧ ያለችው ጫልቱ የቁጥሩ መጨረሻ መስሏት ትላለች። ከጫልቱ ወርቅዬ ወሰደች። ማታ ሲወጡ አራት ሆነው፦ «ሰባት፣ ስምንት፣ አሜን።» በሙሉ ድምፅ! ወርቅዬ በደስታ። ምን እንደምትል አንዲት ሰከንድ ሳታስብ። ካሴት ብትሆን ይሻል ነበር፤ ካሴት ይዘጋል።

እና ነገ ወጋየሁ ሰው ይዞ ይመጣል።

ዛሬ ንስሐ አባቴን አየኋቸው። ስለ ውሸቱ ልነግራቸው ነበር። አልነገርኩም። ውሸቱ ገና አላለቀም፤ ሲያልቅ አንድ ላይ ይሻላል።

ነገ መጀመሪያ፦

ከአሥራ ሁለት ሰዓት በፊት ከቤት መውጣት። ቁልፉን ከምትኩ ዛሬውኑ ተቀብያለሁ።

የሣራን መኪና ከበሩ አንስቶ እኔ ጠረጴዛ አጠገብ ማድረግ። ጫልቱን ወደ ወዲያኛው ጥግ።

እንደገቡ፣ ማንም ሳይቀመጥ፣ «አሜን» የሚሉበት ቦታ ላይ «መልስ» ማስባል። ስፌት ወደኋላ ሲመለስ የምንለው ስለሆነ ማንም አይጠረጥርም። ምላሳቸው እስኪለምድ መቶ ጊዜ። ወርቅዬን ሁለት መቶ።

ከዚህ ሁሉ በፊት ግን፣ ከቤቱ ሳይወጣ፣ ግዛው ቤት መሄድ። መለመን አለብኝ። ግዛውን! ቴፑን እንዲያመጣና ከመቁረጫው ሥር እንዲያኖረው፣ ሶኬቱ ላይ ተሰክቶ፣ ያንኑ ጉራግኛውን አስገብቶ። ለምን ቢለኝ፣ እንግዶቹን በሙዚቃ ለመሸኘት ነው እለዋለሁ። ሁለተኛ ውሸት።

እንግዶቹ ቆመው ሲሰሙ አንዲቷ እንኳ ከተሳሳተች እስላለሁ። ሳስል እንዲከፍተው። እስከ መጨረሻው ከፍ አድርጎ።